«ቀደመ»ን በእንግሊዝኛ፦ ትክክለኛውን ግስ እንዴት እንምረጥ?

«ቀደመ» የሚለው የአማርኛ ግስ ብዙ ሥራ ይሠራል። መኪና መኪናን ሲያልፍ «ቀደመው» እንላለን። ሁለት ሰዎች ተቀጣጥረው አንዱ ቶሎ ሲደርስም «ቀደመው» እንላለን። ልንናገር ያሰብነውን ነገር ሌላ ሰው አፍ ላይ ስንሰማውም «ቀደመኝ» ነው። «አሸነፈ»ና «በለጠ»ም እንደዚያው ናቸው። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ሥራ ለብዙ ግሶች ስላከፋፈለው መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ቃል አንሥቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ሰዋስዉ ትክክል ይሆናል፣ ለቋንቋው ባለቤት ጆሮ ግን ይጎረብጣል፤ አንዳንዴም ያልተፈጠረ ነገር ያወራል።

ይህ መመሪያ የስፖርት ዜና ወደ እንግሊዝኛ ለሚመልሱ፣ ለአይልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ) ፈተና ለሚዘጋጁ፣ ውጭ አገር መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሁሉ ይጠቅማል። ዘዴው ከአንድ ጥያቄ ይነሣል፦ የተቀደመው ምንድን ነው? ግሱን የሚወስነው በአብዛኛው ተሳቢው፣ ማለትም ድርጊቱ የሚያርፍበት ሰው ወይም ነገር፣ ነው። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የተቀደመውን ለዩ

ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉትና በተሳቢው ሥር አስምሩ። ያሰመራችሁበት በመንገድ ወይም በመም ላይ ያለ ሰው ወይም ተሽከርካሪ ከሆነ «ኦቨርቴክ» ወይም «ፓስ» በሉ። ቁጥር ወይም ገደብ ከሆነ «ኤክሲድ» ይስማማዋል። ሪከርድ ከሆነ «ብሬክ» ወይም «ቢት» ነው። ውድድሩ ራሱ ከሆነ «ዊን» ነው። ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ ይህ ድልድል ብቻውን ብዙ ስህተት ያስቀራል።

በምሳሌ እንየው። በ2023 የበርሊን ማራቶን ትዕግሥት አሰፋ በ2:11:53 ገብታ በኬንያዊቷ ብሪጂድ ኮስጌይ ተይዞ የነበረውን የ2:14:04 የሴቶች የዓለም ሪከርድ ሰበረች። ይህን «ትዕግሥት ኦቨርቱክ ኮስጌይ» ብላችሁ ብትጽፉት አንባቢው ሁለቱ ሴቶች በርሊን ጎዳና ላይ ተከታትለው ሲሮጡና አንዷ ሌላዋን ስታልፍ ይታየዋል። የኮስጌይ ሰዓት ግን የተመዘገበው በ2019 ቺካጎ ላይ ነው። የተበለጠው ሰዓቱ ስለሆነ «ትዕግሥት ብሮክ ኮስጌይስ ሪከርድ» ማለት ይገባል። ልዩነቱ ከሁለት ደቂቃ በላይ ስለነበር «ስማሽት» ቢባልም ቃሉ ቦታውን ያገኛል። በማራቶን ሁለት ሰከንድ ለተሻሻለ ሪከርድ ግን «ስማሽ»ን አትጠቀሙ፤ ነገሩን ያለ ልክ ያገዝፈዋል።

«ቀደመኝ» ሲባል ማንም ማንንም ያላለፈበት ጊዜ እንዳለም አስታውሱ። ጓደኛችሁ ካፌው ጋ ቀድሟችሁ ከደረሰ «ሂ ጎት ዜር ቢፎር ሚ» ይባላል። ልታደርጉት ያሰባችሁትን ካደረገባችሁ «ሂ ቢት ሚ ቱ ኢት» ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ «ኦቨርቴክ» አይገባም።

2. «ዊን»ን ከ«ቢት» ለዩ

በእኛ አገር የእንግሊዝኛ ስፖርት ጽሑፍ ላይ ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ስህተት ይህ ይመስለኛል። በአማርኛ ውድድሩንም እናሸንፋለን፣ ተጋጣሚውንም እናሸንፋለን። በእንግሊዝኛ ውድድር፣ ዋንጫ፣ ሜዳልያ፣ ምርጫ፣ ጦርነት የ«ዊን» ናቸው። ሰው፣ ቡድን፣ አገር የ«ቢት» ናቸው። «ኢትዮጵያ ዎን ኬንያ» ብሎ የጻፈ ሰው ኬንያ ለሽልማት ቀርባ ኢትዮጵያ ወሰደቻት እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ትክክሉ «ኢትዮጵያ ቢት ኬንያ» ነው። ጽሑፋችሁ መደበኛ እንዲሆን ከፈለጋችሁ በ«ቢት» ፋንታ «ዲፊት» ማለት ይቻላል፤ ተሳቢው ያው ተጋጣሚው ነው።

የ«ዊን» ኃላፊ ጊዜ «ዎን» ነው። የ«ቢት» ኃላፊ ጊዜ ግን ራሱ «ቢት» ነው፤ ሦስተኛው ቅርጽ «ቢትን» ይሆናል። «ቢትድ» የሚባል ቃል የለም።

የልዩነቱ መጠንም ግስ ይመርጣል። በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረሥላሴ 27:18.20፣ ፖል ቴርጋት 27:18.29 ነው የገቡት። በሁለቱ መካከል ያለው ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። «ኃይሌ ቢት ቴርጋት» ማለት ትክክል ነው፣ ግን ያንን አጨራረስ አይነግርም። «ኃይሌ ኤጅድ አውት ቴርጋት» ስትሉ ግን አንባቢው በጠባብ ልዩነት ማሸነፉን ከግሱ ብቻ ይረዳል። የብሪታንያ ጋዜጦች ለእንዲህ ያለው «ፒፕት» ይላሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ ቃል ብዙ አይሰማም።

3. የሩጫውን ሂደት በቅደም ተከተል ንገሩ

ሩጫ ስትዘግቡ ከኋላ መምጣት፣ መድረስ፣ ጎን ለጎን መሆን፣ ማለፍና መራቅ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ግስ አላቸው። ከኋላ ያለው እየተጠጋ ሲመጣ «ጌይን ኦን» ይባላል። ሲደርስበት «ካች አፕ ዊዝ» ነው፤ ይህ መድረስ ብቻ ስለሆነ አለፈው ለማለት አያገለግልም። ትከሻ ለትከሻ ሲሆኑ «ድሮው ሌቭል ዊዝ»፣ ሲያልፈው «ኦቨርቴክ» ወይም «ጎ ፓስት»፣ አልፎ ሲርቅ «ፑል አዌይ ፍሮም» ይባላል። አንድ ሙሉ ዙር ሲደርብበት ግሱ «ላፕ» ነው።

በ1992 ባርሴሎና ላይ የተደረገው የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ለዚህ የሚሆን ምርጥ መለማመጃ ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ከብዙኃኑ ተነጥላ ወጣች፦ «ሜየር ፑልድ አዌይ ፍሮም ዘ ፓክ»። ደራርቱ ቱሉ ተከተለቻት፦ «ደራርቱ ዌንት ዊዝ ሀር»። ይህ «ዌንት ዊዝ» አብራ ሄደች ማለት ብቻ አይደለም፤ ፍጥነት ስትጨምር አብራት ጨመረች ማለት ነው፣ ሯጮች ዘወትር የሚሉት ነው። ከዚያ ደራርቱ መሪነቱን ሳትወስድ ከኋላዋ ቆየች፦ «ሺ ሳት ቢሃይንድ ሀር»። እዚህ ላይ «ሳት» ተቀመጠች ተብሎ አይተረጎም፤ ፊት ሳትወጣ እየጠበቀች ሮጠች ማለት ነው። የመጨረሻው ዙር ሲመጣ «ደራርቱ ኦቨርቱክ ሜየር»፤ ወዲያው ደግሞ «ፑልድ አዌይ»። የገባችው በ31:06.02 ነው፤ ሜየር በ31:11.75 ተከተለች። በመጨረሻው ዙር ከአምስት ሰከንድ በላይ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ እዚህ «ኤጅድ አውት» ብትሉ ሐሰት ይሆናል። «ደራርቱ ቢት ሜየር» ብሎ በአንድ ግስ መዝጋት ይቻላል፣ ግን ያ ሩጫ ለረጅም ጊዜ ተጠብቆ የተሰነዘረ አንድ እርምጃ ነው፤ ግሶቹ በየቦታቸው ሲገቡ ነው አንባቢው የሚያየው።

አሁን ከዚህ ጋር የሮምን ማራቶን አስተያዩ። በ1960 አበበ ቢቂላና ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ጎን ለጎን ሲሮጡ ቆይተው መጨረሻ ላይ አበበ ተፈትልኮ ወጣ፤ ያኔ ሮም ውስጥ ቆሞ ከነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። አበበ በ2:15:16 ገባ፣ ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከተለ። ይህንን በ«ኦቨርቱክ» መጻፍ ስህተት ነው። አበበ ከኋላ መጥቶ አላለፈውም፤ እኩል ነበሩ፣ ከዚያ ራቀው። ግሱ «ፑልድ አዌይ ፍሮም» ነው። «ኦቨርቴክ» የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ የተቀደመው ከፊት የነበረ መሆን አለበት።

4. መንገድ ላይ ከሆናችሁ አገሩን ተመልከቱ

ብሪታንያ ውስጥ መኪና መኪናን ሲቀድም «ኦቨርቴክ» ነው። አሜሪካ ውስጥ «ፓስ» ነው፤ የመንገድ ምልክቶቹም «ዱ ኖት ፓስ» እና «ፓስ ዊዝ ኬር» ነው የሚሉት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የእንግሊዝኛ የመንገድ ደንብ ላይ በብዛት የምታገኙት «ኦቨርቴክ»ን ነው። ፈተናውን በምትፈተኑበት አገር ቃል አጥኑ፣ ምክንያቱም ጥያቄው የሚወጣው በዚያ ነው።

አንድ ቃል ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብሪታንያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ስለሆነ የሚቀደመው በቀኝ ነው፤ በግራ በኩል ሾልኮ መቅደም «አንደርቴክ» ይባላል፣ አሽከርካሪዎች ሲናገሩት የሚሰማውም በወቀሳ ነው። ከመንገድ ውጭ ግን ይኸው «አንደርቴክ» አንድን ሥራ ኃላፊነት ወስዶ መጀመር ማለት ነው። በደብዳቤ ወይም በውል ውስጥ ካገኛችሁት ከመኪና ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም።

ፍጥነት ማለፍ ሌላ ነው። የተፈቀደውን ፍጥነት ያለፈ ሰው «ኤክሲድድ ዘ ስፒድ ሊሚት» ይባላል፤ በተራ ንግግር «ሂ ዋዝ ስፒዲንግ» ይበቃል።

5. የ«አውት» ግሶችን አሠራር ያዙ

እንግሊዝኛ በአንድ ግስ ፊት «አውት» ጨምሮ «በዚያ ድርጊት በለጠው» የሚል ግስ ይሠራል። ከ«ረን» «አውትረን» ይወጣል፣ በሩጫ በለጠ። ከ«ሴል» «አውትሴል»፣ በሽያጭ በለጠ። ከ«ሊቭ» «አውትሊቭ»፣ ከእሱ በኋላ በሕይወት ቆየ። ከ«ሻይን» «አውትሻይን»፣ በድምቀት ሸፈነው። እነዚህን አንድ በአንድ ከመሸምደድ አሠራሩን ማወቅ ይሻላል፤ ያኔ አንብባችሁ የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ።

ዋናው ነገር ተሳቢው ነው። «ሴል» የሚሸጠውን ዕቃ ይስባል፤ «አውትሴል» ግን የተበለጠውን ተፎካካሪ ይስባል። በ2023 ቶዮታ ከፎልክስዋገን የበለጠ መኪና ሸጧል፤ ይህ «ቶዮታ አውትሶልድ ፎልክስዋገን» ይባላል። «ቶዮታ አውትሶልድ ሞር ካርስ» ማለት ግን አይሆንም፣ ዕቃው ተሳቢ ሆኖ ገብቷልና። «ረን» ሰውን አይስብም፤ «አውትረን» ይስባል። ስለዚህ «አውት» ከተጨመረ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ምንጊዜም ተበላጩ ነው ብላችሁ ያዙ።

«አውትረን» ማምለጥንም ይናገራል። ሚዳቋ አንበሳን ስትሮጥ ብታመልጠው «አውትራን» ይባላል፤ ከመጀመሪያውም ከፊት ነበረች፣ ማንንም አላለፈችም። «ኦቨርቴክ» እዚህ ትርጉሙን ይገለብጠዋል።

ኢኮኖሚ ለሚጽፍ ሰው «አውትፔስ»ና «አውትስትሪፕ» ያስፈልጉታል። የዋጋ ንረት ከደመወዝ ዕድገት በፍጥነት ሲሄድ «ኢንፍሌሽን አውትፔስድ ዌጅስ»፤ ፍላጎት ከአቅርቦት አልፎ ሲሄድ «ዲማንድ አውትስትሪፕት ሰፕላይ»። ለዕድገት ፍጥነት እኔ «አውትፔስ»ን እመርጣለሁ፤ ፍጥነት ከፍጥነት ጋር እንደተወዳደረ በግልጽ ይናገራልና። ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ለማለት ደግሞ «ዘ ቤኔፊትስ አውትዌይ ዘ ሪስክስ» የተለመደ ነው። ለቁጥር ብዛት «አውትነምበር» አለ፤ የበዛው ባለቤት፣ ያነሰው ተሳቢ ይሆናል፣ ቦታቸውን ብታለዋውጡ ሐቁ ይገለበጣል። ልጅ አድጎ ጫማው ሲጠበው «ሂ ሃዝ አውትግሮውን ሂዝ ሹዝ» ይባላል። በአማርኛ «ጠበበው» ብለን ባለቤቱን ጫማው ስለምናደርገው ይህ ግስ ወደ አእምሯችን ቶሎ አይመጣም፤ ሆን ብላችሁ ተለማመዱት።

ስትናገሩት ድምፁ የሚጠብቀው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፦ «ረን»፣ «ሴል»፣ «ፔስ» የሚለውን አጉሉ። «አውት» የሚል ቃል ሁሉ ብልጫ እንዳይመስላችሁ፤ «አውትላይን» እና «አውትሶርስ» ከዚህ ቤተሰብ አይደሉም።

6. ለቁጥርና ለግራፍ

በአይልትስ የጽሑፍ ፈተና የመጀመሪያው ክፍል፣ አካዳሚክ በሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ግራፍ ተሰጥቶ ቢያንስ በ150 ቃላት ግለጹ ይባላል። እዚህ የመቅደም ግሶች በሙሉ ያስፈልጋሉ፤ ተፈታኞች ግን አንዱን «ሰርፓስ» ይዘው ከላይ እስከ ታች ይደጋግሙታል። መስመሮቹን እንዲህ አንብቧቸው። ሁለት መስመሮች ተቆራርጠው የታችኛው ከላይ ከወጣ «ኦቨርቴክ» ነው። ከኋላ የነበረው አለፈ፤ ከሩጫው ጋር አንድ ነው። ሕንድ በሕዝብ ብዛት ቻይናን በ2023 ያለፈችው እንዲህ ነው፦ «ኢንዲያ ኦቨርቱክ ቻይና»። ሁለቱ መስመሮች ሳይነካኩ አንዱ ከላይ እንዳለ ከቀጠለ ግን «ኦቨርቴክ» የለም፤ «ሪሜይንድ ሃየር ዛን» በሉ። አንድ መስመር አንድን ቁጥር ካለፈ፣ ለምሳሌ 5,000ን፣ «ኤክሲድድ 5,000» ነው። ለጋዜጣ ርእስ «ቶፕት 5,000» ያጥራል፣ በፈተና ላይ ግን አልመክረውም።

«ኤክሲድ»ና «ሰርፓስ» ይቀራረባሉ፤ ነገር ግን «ኤክሲድ» ገደብን ይወዳል። ፍጥነት፣ በጀት፣ ሥልጣን ሲታለፍ እሱ ነው፤ ከሥልጣኑ አልፎ የሠራ ባለሥልጣን «ኤክሲድድ ሂዝ አውቶሪቲ» ይባላል፣ ወቀሳ ነው። «ሰርፓስ» ውስጥ ብዙ ጊዜ አድናቆት አለ። «ኤክስፔክቴሽንስ» ከሚለው ጋር ሁለቱም ይሄዳሉ። «ኤክሴል» ግን ተሳቢ አይፈልግም፤ «ሺ ኤክሴልስ አት ማትስ» ይባላል እንጂ «ሺ ኤክሴልስ ሀር ፍሬንድስ» አይባልም።

7. «ከ»ን አውጡ

በአማርኛ «ከእሱ በለጠ» እንላለን። ያ «ከ» እንግሊዝኛው ውስጥ «ፍሮም» ወይም «ዛን» ሆኖ ይገባና «ኤክሲድድ ፍሮም 5,000»፣ «ሺ ሰርፓስድ ዛን ሂም» ያሰኛል። «ኦቨርቴክ»፣ «ሰርፓስ»፣ «ኤክሲድ»፣ «ቢት»ና የ«አውት» ግሶች በሙሉ ተሳቢያቸውን ያለ መስተዋድድ ነው የሚይዙት። መፍትሔው ራሱ አማርኛ ውስጥ አለ፦ ስታስቡ «ከእሱ በለጠ» አትበሉ፣ «በለጠው» በሉ። ያኔ መስተዋድዱ የሚገባበት ቦታ አያገኝም። «ፍሮም» የሚፈልገው «ፑል አዌይ» ነው፤ መራቅ ስለሆነ።

8. ኃላፊ ጊዜና አጻጻፍ

«ኦቨርቴክ» ሲያልፍ «ኦቨርቱክ»፣ ከዚያ «ኦቨርቴከን» ይሆናል። «አውትረን» «አውትራን» ሆኖ ሦስተኛው ተመልሶ «አውትረን» ነው።

የ«ፓስ» ኃላፊ ጊዜ ሲነገር «ፓስት» ይመስላል፤ ሲጻፍ ግን በሁለት ኤስ፣ በኢና በዲ ያበቃል። በኤስና በቲ የሚያበቃው «ፓስት» ግስ አይደለም፤ ግስ ቀድሞት ይመጣል፦ «ሺ ራን ፓስት ሂም»። ከአጠገቡ ሌላ ግስ ካለ በኤስና በቲ፣ እሱ ራሱ ግስ ከሆነ በኢና በዲ ጻፉት። «ኤክሲድ» መጨረሻው ላይ ሁለት ኢ ተከታትለው ከዲ በፊት ይመጣሉ፤ «ፕሮሲድ»ና «ሰክሲድ»ም እንዲሁ። በጊዜ ወይም በቅደም ተከተል መቅደም ማለት የሆነው «ፕሪሲድ» ግን ኢ፣ ዲ፣ ኢ ብሎ ያበቃል።

«ኦቨርካም» እና «ኦቨርረን» በመልክ ስለሚቀራረቡ ብቻ አትቀላቅሏቸው። የመጀመሪያው ችግርን ወይም ፍርሃትን ማሸነፍ ነው። ሁለተኛው በጀት ወይም ሰዓት ከታቀደው ሲያልፍ የሚባል ነው።

9. ከመላካችሁ በፊት

ጽሑፉ ሲያልቅ ሁለት ፍለጋ አድርጉ። መጀመሪያ «ዎን» ያለበትን ሁሉ ፈልጉና ቀጥሎ የሰው፣ የቡድን ወይም የአገር ስም ከመጣ በ«ቢት» ተኩት። ከዚያ «ኦቨርቱክ» ያለበትን ሁሉ አንብቡ፤ በእያንዳንዱ ቦታ የተቀደመው ከፊት እንደነበረ ጽሑፋችሁ ውስጥ ማሳየት ካልቻላችሁ ግሱን ቀይሩ።